ውሃውን አሳዪኝ

ኮምቦልቻ፣ ጥር 26፣ ማክሰኞ ማታ

ዛሬ የነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን ነው። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰችው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የዮናስ መጽሐፍ ሲነበብ ቆማ ሰምታ መጥታለች። ነጠላዋን ሳታወርድ ዞር ብላ "ለመሆኑ አንቺ ያየሽው እሱን የዋጠውን ነው?" አለችኝ። ከጅቡቲ ከተመለስኩ ሳምንት ሊሆነኝ ነው፤ ይህን ስትጠይቀኝ የዛሬው አራተኛ ጊዜዋ ነው። እኔም ዝርዝሩ ከመጥፋቱ በፊት ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

በእኛ ቤት ጅቡቲ የከተማ ስም አልነበረም። ወንድሜ በዚያ መስመር ተሳቢ መንዳት ከጀመረ 11 ዓመቱ ነው። "ጅቡቲ ነው" ከተባለ ስልኩ አይሠራም፣ ወረፋ አለ፣ ሙቀት አለ፣ እማዬም አትተኛም ማለት ነው። ሥራውን በጀመረበት ዓመት አንዴ ሦስት ሳምንት ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ያኔ እማዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ "ልጄን ጅቡቲ ዋጠችው" እያለች ያለቀሰችው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በጥምቀት ማግስት ደወለልኝ። "ዕረፍት ላይ ነሽ አይደል? ቪዛሽም አልቋል። ጭነቱ ገና ነው፣ ቢያንስ አራት ቀን እዚህ ነኝ። ነይ፣ ባሕር ላሳይሽ" አለኝ። ትንሽ ዝም አለና "እኔም በደንብ አላየሁትም" አለ። 11 ዓመት የተመላለሰበት ሰው! ወደቡን ያውቃል፣ ከባድ መኪኖቹ የሚቆሙበትን ፒኬ 12ን ያውቃል፣ ትራንዚተሮቹን ያውቃል። ባሕሩን ግን በኮንቴይነር መሃል ነው የሚያየው። ይህን ስሰማ ነው ልሄድ የቆረጥኩት።

መንገዱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። ባቲን፣ ሚሌን፣ ሎግያን፣ ጋላፊን ማለፍ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በቤታችን አቅራቢያ የሚያልፈው የቦርከና ወንዝ የሚሄደው እኔ ወደሄድኩበት አቅጣጫ ነው። አዋሽ ውስጥ ይገባል፣ አዋሽ የአፋርን በረሃ ያቋርጥና ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ያበቃል። ባሕሩ ያን ያህል ቀርቦት ሳለ አይደርስበትም። ልጅ ሆኜ ቦርከና ላይ ወረቀት ስጥል ባሕር ይገባል እያልኩ ነበር። እዚያ በረሃ መሃል በመኪና መስኮት እያየሁ ያ ወረቀት ትዝ አለኝ።

ቅዳሜ ጥር 16 ገና ሳይነጋ ተነሳን። አረንጓዴና ነጭ ቀለም ባላት የጅቡቲ ታክሲ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድን። ጥር ስለሆነ አየሩ ደስ ይላል፤ ስለ ጅቡቲ ሙቀት የሰማሁት ሁሉ የበጋው ነው፣ የእነሱ በጋ ደግሞ የእኛ ክረምት ነው። ጀልባዋ ትንሽ ናት። ዘጠኝ ሰው ያዘች። ሌሎቹ ፈረንሳይኛ ነው የሚያወሩት። ጀልባ ነጂው የአፋር ልጅ ነው፤ ወንድሜ ከመንገዱ የለቃቀማት አፋርኛ ስላለችው ወዲያው ተግባቡ። ለጀልባው የከፈልነው ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ ግን ወንድሜ "ለዛሬ አታስቢው" ብሎ አስቆመኝ።

ወደ ምዕራብ፣ ወደ አርታ ዳርቻ ነው የሄድነው። ከተማዋ ከኋላችን እየጠበበች ሄደች። መጀመሪያ የወደቡ ክሬኖች፣ ቀጥሎ ቆመው ተራ የሚጠብቁት ትልልቅ መርከቦች፣ ከዚያ ምንም። በግራችን እንደ ሚሌ ያሉ ራቁታቸውን የቆሙ ቡናማ ተራሮች ናቸው። አንዲት ዛፍ የለችም። ውሃው ግን ቀለሙን ምን ብዬ ልጥራው? ዳር ዳሩ ላይ እንደ አዲስ ቡቃያ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ጠለቅ ሲል ወደ ጥቁር ይሄዳል። እጄን ነክሬ ቀመስኩት። ጨው መሆኑን እያወቅኩ ነው የቀመስኩት።

ጀልባ ነጂው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ሞተሩን አቀዘቀዘ። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በእጁ እያሳየ ለወንድሜ አንድ ነገር ነገረው። ወንድሜ ዝም አለ። ምን አለህ ስለው "ኦቦክ በዚያ በኩል ነው ይላል" አለኝ።

ኦቦክን የማያውቅ የወሎ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጆቻችን ወደ የመን የሚሻገሩበት ነው፤ ከየመን ሳውዲ። መሻገሪያውን ባብ ኤል ማንደብ ይሉታል፣ ትርጉሙ የእንባ በር ማለት ነው። ወንድሜ ቀስ ብሎ አወራኝ። ከጋላፊ ወዲህ ባለው መንገድ በፀሐይ በእግር የሚሄዱ ልጆች ያያል፤ አንዳንዶቹ ገና ጢም አላበቀሉም፤ ይቆምና ውሃ ይሰጣቸዋል፤ "ከየት ናችሁ?" ሲላቸው ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ ከወረባቦ፣ ከከሚሴ ይሉታል። "አማርኛቸው የእኛው ነው" አለኝ። ለእማዬ ይህን አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም።

ከዚያ አንዷ ፈረንሳዊት ጮኸች።

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ውሃው ውስጥ አንድ ትልቅ ጥላ መጣ። ከኮምቦልቻ ደሴ የምትመላለሰውን ዶልፊን ሚኒባስ ታህላለች። ጀርባዋ ልክ እንደ ጅግራ ነው፣ በጠቆረ ግራጫ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ በነጠብጣቦቹ መሃል ደግሞ ቀጫጭን መስመር። አፏን በሰፊው ከፍታ ውሃው ወለል ላይ በዝግታ ትሄዳለች። ሳታየን ቀረች ማለት አልችልም፤ አይታን ምንም አልመሰላትም። (እኔ "እሷ" እላለሁ እንጂ አርታ አጠገብ የሚታዩት አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው።)

ለእማዬ አራት ጊዜ የመለስኩት ይህን ነው። ይህ ዓሣ ነባሪ አይደለም። ዓሣ ነባሪ፣ መጽሐፉ ዓሣ አንበሪ የሚለው፣ ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ ዓሣ አይደለም። ሳንባ አለው፣ ለመተንፈስ ወደ ላይ ይወጣል፣ ግልገሉን ጡት ያጠባል፣ ጅራቱንም ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚመታው። እኔ ያየሁት ደግሞ ሻርክ ነው፣ እውነተኛ ዓሣ፤ በስንጥቡ ይተነፍሳል፣ ጅራቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛል። በመጠኑ ዓሣ ነባሪን ስለሚመስል ዓሣ ነባሪ ሻርክ ይሉታል። ከዓሣ ወገን በዓለም ላይ ከእሱ የሚበልጥ የለም። እኛ ያየነው ገና ልጅ ነው፣ ሲያድግ 18 ሜትር የደረሰም ተለክቷል። ያ ሁሉ አካል የሚኖረው በዓይን ለማየት በሚያስቸግሩ ደቃቅ ፍጥረታትና በትንንሽ ዓሣ ነው። ከኅዳር ጀምሮ እስከ ጥር አርታ ዳርቻ የሚመጣውም እነሱን ፍለጋ ነው። ሰው መዋጥ አይችልም፤ አፉ ሰፊ ቢሆንም ጉሮሮው ጠባብ ነው።

ዋና አልችልም። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት አልብሰውኝ፣ የጀልባዋን መሰላል በአንድ እጄ ጨብጬ፣ መነጽሩን አድርጌ ፊቴን ውሃ ውስጥ ከተትኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር። ከታች አለፈች። ነጠብጣቦቿን አንድ በአንድ ማየት እችል ነበር። የእያንዳንዱ ዓሣ ነጠብጣብ እንደ ሰው የጣት አሻራ የተለያየ ነው። ተመራማሪዎች ፎቶ አንስተው ማን ማን እንደሆነ የሚለዩበት የኮምፒውተር ዘዴ ደግሞ መጀመሪያ የተሠራው የሰማይ ከዋክብትን አቀማመጥ ለማመሳሰል ነው። ይህን በኋላ ሳነብ እንባዬ መጣ። እዚያ ሆኜም የታየኝ እሱ ነበርና፤ ከታች በኩል የሚያልፍ የሌሊት ሰማይ።

አንድ ነገር ግን አሳዝኖኛል፤ ሳልጽፈው ማለፍ አልፈልግም። ሌላ ጀልባ ሞተሩን ሳያጠፋ እየነዳ መጣና ተሳፋሪዎቹ ፎቶ እንዲያነሱ ፊት ለፊቷ ተደቀነ። የእኛው ልጅ ጮኸበት፣ አልሰማውም። ወደ ጥልቁ ገባች። በኋላ የመጣችው ሌላኛዋ የጀርባ ክንፏ ጫፍ ተቆርጦ ድኖ ነበር። ልጁ የሞተር ፕሮፔለር እንደቆረጠው ነገረን። ዓሣ ነባሪ ሻርክ በዓለም ላይ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው እንስሳት አንዱ ነው። ሦስት አራት ሜትር ርቆ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ሳይነኩ ማየት ይህን ያህል ይከብዳል? ፍጡሩ እኮ ማንንም አልነካም።

እኩለ ቀን አልፎ ከተማ ተመለስን። ርቦን ስለነበር ቀጥታ የየመን ዓሣ ቤት ገባን። ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው፣ በርበሬ ለቅልቀው፣ እንደ ጉድጓድ ባለ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ያበስሉታል። ከሰፊ ቂጣ ጋር በጋዜጣ ላይ ይቀርባል። በእጅ ነው የሚበላው። ወንድሜ በ11 ዓመት ምልልሱ ከቀመሰው የጅቡቲ ምግብ የሚወደው ይህን ብቻ ነው፤ እውነቱን ነው።

ከምሳ በኋላ ጫት ገባ። ከእኛ አገር በየቀኑ የሚገባው ጫት ሲደርስ ከተማው ይነቃነቃል፣ መኪና ይጮኻል፣ ሰው ይሯሯጣል። ከዚያ ጭር። ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። በዚያ ጭርታ ውስጥ በእግራችን ዞርን። የሐሙዲ መስጊድን ነጭ ሚናራ አየን። ድሮ የምኒልክ አደባባይ የሚባለውን፣ አሁን ነጻነታቸውን ባገኙበት ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 27 ቀን 1977 የተሰየመውን አደባባይ አቋረጥን። ቅስት ቅስት ያላቸው ነጫጭ ቤቶች ጥላ ሥር ስንሄድ ከአንድ በር ላይ "ወንድሜ፣ ቡና አለ" የሚል አማርኛ ሰማን። ዞር ስንል የእኛዋ ልጅ፣ ረከቦት ዘርግታ። ከየት ነሽ አላልኳትም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተን ወጣን።

ይህን ሁሉ ጽፌ የዛሬውን ማታ ልተወው አልችልም።

አመሻሽ ላይ እማዬ ቡና አፈላች። ጎረቤታችን እትዬ ከመግሪብ በኋላ መጡ። እማዬ የዮናስን ነገር አነሳች። እሳቸውም "የእኛም ዩኑስ እኮ ነው" ብለው ቀጠሉበት፤ በሦስት ጨለማ ውስጥ ሆኖ፣ በሌሊቱ፣ በባሕሩ፣ በዓሣው ሆድ፣ ያደረገውን ዱዓ ነገሩን። ልጆቻቸው መንገድ ሲወጡ የሚሉት ያንኑ ዱዓ ነው። ሁለቱ ሴቶች አንዱን ታሪክ እየተቀባበሉ ሲያወሩ ልጅነቴን ሁሉ ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬ ግን አዲስ ሆነብኝ።

"በይ አሳዪን" አሉኝ። ስልኬን አወጣሁ። ቪዲዮው አጭር ነው፤ ዓሣው ይመጣል፣ ያልፋል፣ ከዚያ ባዶ ውሃ ብቻ ይቀራል። መጨረሻውን ልቆርጠው አስቤ ነበር። እማዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ "አቤቱ ሥራህ!" አለች። እትዬ "አጃኢብ!" አሉ፣ ግን በሐሳብ ሌላ ቦታ ነበሩ።

"ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት። ዓሣው ሲያልፍ እጄን ያዙኝ።

"እዚህ ጋ አቁሚው። ውሃውን አሳዪኝ።"

የእትዬ ትልቁ ልጅ ከዓመታት በፊት በኦቦክ ተሻግሮ ሳውዲ ገብቷል። ደርሷል፣ ይደውላል፣ ለሮመዳን ብር ይልካል። ስለ ባሕሩ ግን አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ሲጠይቁት "አብሽሪ እማ፣ አለፈ" ብሎ ወሬ ይቀይራል።

ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። አረንጓዴ ነው፣ ፀሐይ ገብቶበት ያብረቀርቃል።

"ሌሊት ነው አሉ የሚሻገሩት" አሉ። "ሌሊት ይኼ ውሃ ምን ይመስላል?"

እኔ በቀን ብቻ ነው ያየሁት አልኳቸው። ቀዝቃዛ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም፣ ለብ ያለ ነው አልኳቸው። ጨዉ ዓይን ያቃጥላል ወይ አሉኝ። ትንሽ ያቃጥላል አልኳቸው። እማዬ ቶናውን ቀዳች፤ ማንም አላነሳውም። እትዬ ስልኩ በጠፋ ቁጥር በጣታቸው እየነኩ ያበሩታል፤ እኔም ከእጃቸው አልወሰድኩትም።