መጣሁ ብሎ የወጣ

ዝናቡ ከሰኞ ጀምሮ አላባራም። የእኔም ልብ ከሰኞ ጀምሮ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሏል። ትናንት ማታ ዝምታው ሲከብደኝ ፊልም ከፈትኩ። ማስታወቂያው ላይ አንዲት ሴት በቀይ አፈር መሀል ባለች ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች፤ ከሥሯ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ጽሑፍ አለ። የጠፋባትን ሰው የምትጠብቅ ሴት ታሪክ መሰለኝ። የፈለግሁትም እሱን ነበር።

ሴትየዋ ሁለት ደቂቃ እንኳን አልታየችም። የቀረው በአውስትራሊያ በረሃ ሰው ሲታደን ማየት ነው። መኪናቸው ሲቆም፣ ስልካቸው አልሠራ ሲል፣ ባርኔጣ ያጠለቀው ሰውዬ ፈገግ ብሎ «ልርዳችሁ» ሲል፣ ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚተርፍ በየተራ አወቅሁት፤ አንዱም አልሳተኝም። ይህስ ይሁን። ያንገበገበኝ የሴትየዋ ነገር ነው። በእሷ ሐዘን ጠርተውኝ እሷን ነፈጉኝ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እንዲህ ካሉ ፊልሞች ጋር ስሙ የሚነሳውን እውነተኛ ታሪክ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2001 ሁለት ወጣት እንግሊዛውያን ፍቅረኞች ከ2,700 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው የስቱዋርት አውራ ጎዳና ላይ፣ በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት ባሮው ክሪክ በሚባል ቦታ አቅራቢያ ነበሩ። መሽቷል። አንድ ሰው ምልክት ሰጥቶ አስቆማቸው። ልጁን ገደለው። ልጅቷ እጇ እንደታሰረ አምልጣ ለሰዓታት ቁጥቋጦ ውስጥ ተደበቀች፤ በኋላ የጭነት መኪና ሾፌሮች አነሷት። ገዳዩ በ2005 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2016 የወጣው የግዛቲቱ ሕግ ደግሞ አስከሬኑ የት እንዳለ ያልተናገረ ገዳይ በአመክሮ አይፈታም ይላል። ሰውዬው አልተናገረም። በሐምሌ 2025 ሳይናገር ሞተ፤ የልጁም አስከሬን አልተገኘም።

እዚህ ላይ ስደርስ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። የአያቴ የእማማ በር ትዝ አለኝ።

አጎቴ በ1970 ዓ.ም. አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «መጣሁ» ብሎ ወጣ። በእኛ ቤት ሰው ሲወጣ «ሄድኩ» አይልም፤ «መጣሁ» ነው የሚለው። በዚያ ዓመት እንዲህ ብለው የወጡት ብዙዎች ናቸው። እማማ እስር ቤት ለእስር ቤት ስንቅ ይዛ ዞረች፤ «እዚህ የለም» ከማለት በስተቀር የነገራት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በሩን መቀርቀር ተወች። ነፋስ እንዳይከፍተው ከውስጥ ድንጋይ ታስጠጋለች። ድንጋዩን ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ፤ አንዱ ጎኑ ከመገፋት ብዛት ለስልሶ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ከበድ ያለ ልናመጣላት ስንል እሺ አትልም ነበር። «ደክሞት ቢመጣ በአንድ እጁ ገፍቶ መግባት አለበት» ትላለች። የንስሐ አባቷ ተዝካሩን እንድታወጣ ሲመክሯት አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸውና «አባቴ፣ ተዝካሩን ያወጣሁ ዕለት የገደልኩት እኔ ነኝ» አለቻቸው። ዳግመኛ አላነሱባትም።

አንድ ሌሊት ድንጋዩ ሲንሸራተት ሰምቼ ነቃሁ። ነፋስ ነበር። እማማ ግን አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር፤ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው።

እንዲህ ሆና ኖራ ሞተች። ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ ሲነሳ እኔ እዚያ አልነበርኩም። ዛሬ ጠዋት እናቴ ስትደውል ልጠይቃት አፌ ላይ መጥቶ ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን። በዚያ የመጀመሪያ ማታ ድንጋዩን አንሥቶ በሩን የቀረቀረው ማን ነበር?