የድብርት መድኃኒት መቼ ይዋጣል?

ዛሬ እዚህ ደሴ ፋርማሲ መስኮት ላይ ደጋግሞ የመጣው ጥያቄ «ፍሉኦክሰቲኑን መቼ ልዋጠው?» የሚል ነው።

አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊግራሙ በቀን አንድ ፍሬ ነው፣ ጠዋት። ማታ ከተዋጠ እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል። ያለ ምግብም ይሆናል፤ የሚያቅለሸልሸው ሰው ግን ከቁርስ ጋር ቢውጠው ይቀለዋል። ሌላው የድብርት መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን ግን ስለሚያስተኛ ማታ ነው የሚወሰደው፤ ሁለቱን አታምታቱ።

የሚያሳዝነኝ በ10ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው ነው። አብሽሩ፣ ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ነው፣ አንዳንዱ ላይ እስከ 6 ይሄዳል። ከተሻለ በኋላም ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል፤ ማቆሙም ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ነው።

ረስታችሁ ያኑ ቀን ካስታወሳችሁ ዋጡት። በማግስቱ ከሆነ የዕለቱን ብቻ እንጂ ሁለት አትደርቡ።

ረመዳን ላይ በሱሑር ወይም በኢፍጣር ይወሰዳል፤ ሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ የሰዓቱ መዛወር አያሳስብም። ጫት ግን እንቅልፍ እየነሳ ጭንቀቱን ያባብሳል። ለሕመም ትራማዶል የምትወስዱ ሳትናገሩ አትጀምሩ፤ ሁለቱ አብረው አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በተለይ ወጣቶች ላይ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ብቻችሁን አትሁኑ።