ስድሳኛው ቀን

ዛሬ ጠዋት አንዲት እናት የሽያጭ ውል ክርክራቸውን ሰነድ በፌስታል ይዘው ቢሮዬ መጡ። የፍርዱን ግልባጭ ስገልጥ በመጀመሪያ ያየሁት ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን ነበር፤ በእርሳስ ቆጠርኩ፣ ደግሜም ቆጠርኩ፣ 71 ቀን ሆኖታል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ለይግባኝ የሚሰጠው 60 ቀን ነው። በቂ ምክንያት ላለው ሰው ጊዜው ካለፈ በኋላም ይግባኙን እንዲያቀርብ ሊፈቀድለት ቢችልም፣ የጠበቃ ወይም የወኪል ጉድለት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አንቀጽ 326 በግልጽ ደንግጓል።

«ልጄ፣ ጠበቃው አስገብቻለሁ ብሎኝ ነበር እኮ» አሉኝ።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ፍርዱ በእርግጥ የሚያከራክር መሆኑ ነው፤ በርክክብ ሰነዱ ግርጌ በእጅ ጽሑፍ የሰፈረው የጥራት ተቃውሞ ሳይመረመር ታልፏል። በንግድ ክርክር ሥራ የምትሰማሩ ወጣት ባልደረቦቼ፣ ፍርድ በተሰማ ዕለት ከችሎት ሳትርቁ ስድሳኛውን ቀን በመዝገባችሁ ጻፉ፤ ለደንበኛውም ንገሩት።

መዘግየቱ ከጠበቃው ሳይሆን ከግልባጩ አሰጣጥ የመጣ እንደሆነ ለማወቅ፣ ግልባጩ የተጠየቀበትና የተሰጠበት ቀን ምን ያህል እንደሚራራቅ ላጣራ ነገ በማለዳ መዝገብ ቤት እሄዳለሁ።