«አንቺ ደግሞ ምኗ ነሽ?»

የማዋለጃ ክፍል በር ላይ ሁሌም ይኼ ጥያቄ ይጠብቀኛል። እናቷ አይደለሁም፤ እህቷም አይደለሁም። ጋዋን አልለበስኩም። በውጭ አገር እንደኔ ያለችዋን ሴት ዱላ (doula) ይሏታል፤ እዚህ ሀዋሳ ግን «ዱላ ነኝ» ብል ማን በር ይከፍትልኛል? «አስታማሚዋ ነኝ» እላለሁ። አንዳንዴ ያስገቡኛል፣ አንዳንዴ ኮሪደር ላይ እቀራለሁ።

ሥራዬ በእርግዝናዋ ጊዜ ይጀምራል። ስታምጥ አብሬያት እሆናለሁ፣ ከወለደች በኋላም ቤቷ እየሄድኩ አያታለሁ። አላዋልድም። አልመረምርም፣ መድኃኒት አልሰጥም፣ ሐኪም ያዘዘውን መርፌ «ተዪው» አልልም። የልምድ አዋላጅ ነሽ የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል።

የገባሁበት በቤት ኪራይ በኩል ነው። ታቦር ክፍለ ከተማ፣ ግቢዬ ውስጥ የማከራያቸው ሰርቪስ ክፍሎች አሉኝ። በ2008 ዓ.ም ክረምት የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ በኋላ ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከወላይታ፣ ከየገጠሩ ሴቶች መጡ። አንዷን ክፍል ሦስት አራት ሆነው ይከራያሉ። ውሎ አድሮ የምታገባም የምታረግዝም አለች። እናት ሩቅ ናት። ባል ወይ ፈረቃ ላይ ነው፣ ወይ ከነጭራሹ የለም። አንዷ ሌሊት በሬን አንኳክታ «እትዬ፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለችኝ። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ከዚያ ሌላዋ መጣች፤ ከዚያ የሌላዋ ጓደኛ። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ጎረቤት አለችኝ፤ ወገብ የቱ ጋ እንደሚጫን፣ መቼ ዝም እንደሚባል፣ መቼ ሲስተርን መጥራት እንዳለብኝ ቡና ላይ እያጫወተች አስተማረችኝ።

«ይኼ ድሮ የእናት ሥራ አልነበረም እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። ነበረ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ምጥ ላይ እናት ሁልጊዜ አትረዳም። ልጇ ስትጮህ አብራ ታለቅሳለች፣ «ማርያም፣ ማርያም» እያለች መሬት ትስማለች። ልጅቷ የራሷን ምጥ ትታ እናቷን ማጽናናት ትይዛለች። አማት ከሆነች ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «እኛ እርሻ ላይ ወልደናል፣ ምን ያስጮህሻል» ትላለች። እኔ የማላለቅሰው ልቤ ደንድኖ አይደለም። ልጄ ስላልሆነች ነው።

ኮሪደሩ ላይ አብረን እንመላለሳለን። ምጡ ሲመጣ ግድግዳ ተደግፋ ታጎነብሳለች፤ እኔ ከወገቧ ዝቅ ብዬ በመዳፌ አጥብቄ እጫናለሁ። ሲለቃት ውኃ ትጎነጫለች፣ ሲስተር ካልከለከለች ደግሞ ከፔርሙሱ ማር የገባበት ሻይ። ሽንቷን እንድትሸና አስታውሳታለሁ፤ የሞላ ፊኛ ልጁ እንዳይወርድ ያስቸግራል። ሲስተር መርምራ «ስድስት ሆኗል» ብላ ስትሄድ ልጅቷ ሰዓት የተነገራት ይመስላታል። የማኅፀን በሩ 6 ሴንቲ ሜትር ተከፈተ ማለት እንደሆነ፣ 10 እስኪደርስ መግፋት እንደሌለባት በጆሮዋ እነግራታለሁ። ባል ከገባ እጁን ይዤ የት እንደሚጫን አሳየዋለሁ። ወንድ ሥራ ሲሰጡት ይረጋጋል፤ ካልሰጡት ስልኩን ይዞ ዘመድ ሁሉ ያስጨንቃል።

ይኼ የእኔ ወሬ ብቻ አይደለም። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ዓለም አቀፉ ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው የጥናቶች ግምገማ 17 አገሮች ውስጥ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተተ ነው። ሳይለያቸው አብሯቸው የሚቆይ ሰው የነበራቸው ሴቶች ያለ ኦፕሬሽን የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ፣ ምጣቸውም አጠር ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር፣ እያንዳንዷ ሴት ምጥና ወሊድ ላይ ራሷ የመረጠችው ሰው እንዲኖራት ብሏል። ራሷ የመረጠችው! አማቷ የመረጠችላት አላለም።

ታዲያ ለምን ኮሪደር ላይ እቀራለሁ? አዋላጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ አልጋዎች ተደርድረው መጋረጃ የለም፤ እኔ ስገባ ሌላዋ ሴት ራቁቷን ናት። ሲስተሯም ለሁሉም ብቻዋን ትሯሯጣለች። በጀቱ በእጄ ቢሆን መጀመሪያ የማሰቅለው መጋረጃ ነው።

ከወሊድ በኋላ ያለው ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ደማቅ ናቸው። እልልታው ይቀልጣል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ የሲዳማ ልጅ ከሆነች ዘመድ ቡርሳሜ በቅቤ ይዞ ይመጣል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያለ ሁሉ ይቀመጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ አራሷ አንዴም አትተኛም። እኔ ስደርስ እንግዳውን በዘዴ አስነሳለሁ። ይጠሉኛል፤ ይሁን። ጭስ የታፈነበትን ክፍል መስኮት እከፍታለሁ። እንገሩን «ቆሻሻ ነው» ብለው ሊያልቡ ሲነሱ እከለክላለሁ፤ ለልጁ ከእሱ የሚበልጥ የለም። ቅቤ ሊያልሱት የሚመጡትንም እንዲሁ።

ከዚያ ሰው ይበተናል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። በአራተኛው ቀን እሱ ፈረቃው ላይ ነው፣ እሷ ጡቷ ተወጥሮ፣ ልጁ እያለቀሰ፣ ብቻዋን ናት። በዚህ ሰሞን እንባ ይመጣል። ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ያልፋል። ሁለት ሳምንት አልፎም ካለቀሰች፣ ልጇን ማየት ከጠላች፣ ወይም ሞት ሞት ካላት ግን «ዛር ነው፣ ቡዳ ነው» እያሉ መቆየት የለም፤ ይዣት ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ሞዴሱን ቶሎ ቶሎ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ ዓይን የሚያጭበረብር ከባድ ራስ ምታት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ ደግሞ እኔንም አትጠብቂ እላታለሁ። ባጃጅ ጠርተሽ ውጪ።

ክፍያውን የሚጠይቁኝ አሉ። ደህና ገቢ ያላቸው ይከፍሉኛል፣ እቀበላለሁም። ከፓርኩ ልጆች አልወስድም። የቤት ኪራዩን ግን ወር ሲሞላ እቀበላለሁ።