ልገዛ ብዬ ልሸጥ

ትናንት መጽሐፍ ልገዛ ገብቼ ሻጭ ሆኜ ወጣሁ። የምር ሱቅ አይደለም፤ የቻይንኛ ትምህርቴ ላይ ነው፣ በቪዲዮ። መምህሬ ሻጭ፣ እኔ ገዢ ሆነን እንድንለማመድ ተስማማን። ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመዳት የከረምኩትን ዓረፍተ ነገር ለቀቅኳት፦ «ዎ ሺያንግ ማይ ሹ።» መጽሐፍ መግዛት እፈልጋለሁ ማለቴ ነው። እሷ ፈገግ ብላ «ዱዎ ሻዎ ጪየን?» አለችኝ። ስንት ነው?

ክው አልኩ። ይሄ እኮ የኔ ተራ ነበር! ዋጋ የምጠይቀው እኔ ነኝ። እሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ሁለት ፊደሎች ጻፈችልኝ። አንዱ መግዛት፣ ሌላው መሸጥ። ሁለቱም «ማይ» ናቸው። በጽሑፍ የሚለያቸው የመሸጡ አናት ላይ የተቀመጠች ትንሽ መስቀል ናት። በአፍ ደግሞ ቃናቸው ነው፦ ለመግዛት ድምፅን ዝቅ አድርጎ መያዝ፣ ለመሸጥ ከላይ ወደ ታች መጣል። እኔ ቸኩዬ ጣልኩት።

ከጀመርኩ 5 ወሬ ነው። ቃላት ያን ያህል አያጥሩኝም። ችግሩ ሰው ፊት ስናገር እፈራለሁ፤ ወይ እንደ ትናንቱ እቸኩላለሁ፣ ወይ ድምፄ ይቀጥንና መጨረሻው ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ «ተሳሳትኩ እንዴ?» እያልኩ የምለማመጥ ይመስል። በአማርኛ ቢሆን ቢበዛ ጥያቄ ይመስልብኛል። በቻይንኛ ግን ሽቅብ የወጣው ድምፅ ሌላ ቃል ነው። ያው «ማይ» በፍርሃት ሽቅብ ከወጣ መቅበር ይሆናል። መጽሐፍ መቅበር! (ጥያቄ ካማረኝ መጨረሻው ላይ «ማ» የምትባል ቃል መለጠፍ ይበቃኝ ነበር።)

ስለዚህ የሚያሳስተኝ ራሱ ፍርሃቴ ነው። ይሄ ሲገባኝ ተናደድኩም፣ ቀለል አለኝም። እስካሁን «መጀመሪያ በደንብ ልወቅ፣ ድፍረቱ በኋላ ይመጣል» ስል ነበር። ለካ በፍርሃት የሚቀጥን ድምፅ ይዤ ቃናውን መቼም አላውቀውም።

ማታ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አማርኛ የሚማር ሰው «ዋና እወዳለሁ» ሲል «ና»ን ቢያጠብቃት ምን እላለሁ? መዋኘት ማለቱ እንደሆነ ይገባኛል፤ ፈገግ ብዬ ወሬዬን እቀጥላለሁ። ማጥበቅና ማላላቱን በጽሑፍ እንኳ አናሳይለትም፣ ምን ያድርግ? ለሱ ይሄን ሁሉ እያዘንኩ ለራሴ ሲሆን ዳኛ የምሆነው ለምንድነው?

አንድ ሌላ ክፉ አመል አለብኝ፦ ያልገባኝን ሁሉ «ዱይ፣ ዱይ» እያልኩ ማለፍ። ልክ ነው፣ ልክ ነው። አንዴ ዕድሜዬን ስትጠይቀኝ «ዱይ» ብያታለሁ። ከትናንት ወዲህ ይቺን ቃል ለራሴ ከልክያታለሁ። በምትኳ ሁለት መዳኛ ያዝኩ፦ «ቲንግ ቡ ዶንግ»፣ ሰምቼ አልገባኝም፤ «ጪንግ ዛይ ሹዎ ዪ ቢየን»፣ እባክዎ ይድገሙልኝ። ሁለተኛዋ ረጅም ናት ግን ስጨርሳት አንደበተ ርቱዕ የሆንኩ ይመስለኛል።

ዛሬ እንደገና ሱቅ ገባሁ። «ማይ»ን ዝቅ አድርጌ ያዝኳት፣ ሽቅብ አልለቀቅኳትም። መምህሬ ዋጋ ነገረችኝ። «ሽስ» ይሁን «ስሽ» አልያዝኩትም፤ አንዱ 14 ነው፣ ሌላው 40። «ጪንግ ዛይ ሹዎ ዪ ቢየን» አልኳት። ደገመች። አሁንም አልገባኝም። አስደገምኳት። በሦስተኛው ጆሮዬ ያዘው፦ 40።

«ታይ ጉዪ ለ!» አልኩ። በጣም ውድ ነው። «ታይ»ም «ጉዪ»ም ከላይ ወደ ታች የሚወድቁ ናቸው፣ እግርን መሬት ላይ እንደመምታት። በለሆሳስ አይወጡም።

ወደ 30 ወረደችልኝ።