አባባ በአዊኛ ሲጠየቁ

የባለቤቴ አባት ዘንድሮ ጥር 23 ፈረሳቸውን አልጫኑም። የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ቀርተው አያውቁም ነበር። «ጉልበቴን ነው» አሉን፤ አመንናቸው። ባለቤታቸው እማማ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላም። እህል አስጠላቸው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስተው ደጅ ይቀመጣሉ። ጎረቤቱ ሁሉ «እርጅና ነው» ይላል።

እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፤ አዊ ዞን ያመጣኝ ትዳር ነው። የአባባ አማርኛ ለገበያና ለቀበሌ ይበቃል። ሐዘናቸው ግን በአፍ መፍቻቸው በአዊኛ ነው። ይህን ሳላስተውል ሐኪም ጋ ይዣቸው ሄድኩ። ሲጠየቁ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። የቀረውን እኔ መለስኩላቸው። የጉልበት ማስታገሻ ተሰጥቶን ተመለስን። ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የባንጃ ልጅ ናት። ቡና አፍልቼ ጠራኋት። አጠገባቸው ተቀመጠችና በአዊኛ ማውራት ጀመረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ እስቲ ውጪልን» አለችኝ። ትንሽ ቅር አለኝ። ስመለስ የአባባ ጋቢ ጫፍ በእንባ ርሷል። «ባልነጋ ብዬ እተኛለሁ» ብለዋታል። ይህን በምራታቸው ፊት እንዴት ይናገሩት? እኔ ሞትን ስለመመኘት መጠየቅ ሐሳቡን የሚያመጣባቸው ይመስለኝ ነበር። እሷ እንዳለችኝ ግን፣ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ የተሸከመውን ሰው ያቀልለታል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደን ሪፈር አጻፍን። የጤና መድህን ካርድ ቢኖራችሁም ያለ ሪፈር ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ደም አስመረመሩን፤ ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ሰውን እንዲህ ያደክማል። ውጤቱ ደህና ነበር። ሕመሙ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ነው አሉን።

መድኃኒቱ በትንሽ መጠን ተጀመረ። በአሥረኛው ቀን «ምንም አልሠራልኝም» ብለው ሊተዉት ነበር። ለውጡ ሳምንታት እንደሚፈጅ ነርሷ አስቀድማ ባትነግረን ኖሮ እኔም እስማማ ነበር። ጠበሉን አልከለከልናቸውም። የንስሐ አባታቸው ራሳቸው «ጠበሉንም ጠጣ፣ ክኒንህንም ዋጥ» አሏቸው። ከእኔ ልመና ይልቅ የሠራው ይሄ ነው።

አሁን እንቅልፋቸው ተመልሷል። ፈረሱንም ውሃ የሚያወርዱት ራሳቸው ናቸው። በቀጠሮ ቀን አዊኛ የሚችል ባለሙያ መኖሩን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። እሳቸው ይገባሉ። እኔ ደጅ አግዳሚው ላይ እጠብቃለሁ።