ጓደኛችሁን ለቸርች ክትትል ክፍል አሳልፋችሁ አትስጡ

ያላመነ ጓደኛ ያላችሁ የሀዋሳ ልጆች፣ ይቺን አንብቡና ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉ። እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

ጓደኛዬን ከካምፓስ ጀምሮ ነው የማውቀው። እግዚአብሔር ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለም። እዚህ ከተማ ይህን በግልጽ የሚናገር ብዙ አታገኙም፤ ቸርች እየመጡ ውስጣቸው እንደሱ የሆኑ ግን አሉ። እሱ ቢያንስ አይዋሽም።

ጅማሬው ቀላል ነበር። አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን እንጨዋወታለን። ሲጠይቀኝ እመልሳለሁ፤ ካላወቅኩ አላውቅም እላለሁ። ማርቆስን አብረን እናንብብ ስለው እሺ አለ። ከአራቱ ወንጌላት አጭሩ ነው፣ 16 ምዕራፍ። ቸርች የወንጌል ስርጭት ሥልጠና ላይ በቃል ያስያዙን ግን ስለ ኃጢአትና ደመወዙ የሚናገሩትን ሮሜ 3፥23ን እና 6፥23ን ነበር። እነዚህ ጥቅሶች ኃጢአቱ ለከበደው ሰው ይሆናሉ። «ማንን ነው የበደልኩት?» ለሚል ሰው ግን መነሻ አይሆኑም።

ከዚያ ኮንፈረንስ መጣ። የወንጌል ስርጭት አስተባባሪያችን «እያንዳንዱ አንድ ሰው ይዞ ይምጣ» አለ። ጓደኛዬም «ልየው እስቲ» አለኝና አብረን ሄድን። ዝማሬውን ወደደው። ስብከቱንም አልጠላውም። ጉዱ የመጣው ጥሪው ላይ ነው። «ጌታን የምትቀበሉ እጃችሁን አንሱ» ሲባል አላነሳም። «በጓደኛ ተጋብዛችሁ የመጣችሁ ቁሙ» ሲባል ግን ቆመ። እውነት ነዋ፣ በጓደኛ ነው የመጣው! ወዲያው አንድ አስተናጋጅ ክንዱን ይዞ ወደ መድረኩ ወሰደው። ተከትዬ «ወንድሜ፣ እሱ እኮ ገና ነው» ብለው «መንፈስን አታጥፋ!» ብሎ ገሠጸኝ።

ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እልል ይላል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አይ፣ እኔ አላመንኩም» ብሎ የሚመለስ ሐበሻ ካለ አሳዩኝ። ይሉኝታ ያዘው። ጸሎቱን ደገመ። ካርድ ሰጡት፤ ስሙንና ስልኩን ሞላ። በሚቀጥለው እሁድ ማስታወቂያ ሲነገር ጌታን ከተቀበሉት ጋር ተቆጠረ።

ከዚያ ስልኩ ዕረፍት አጣ። ሥራ ላይ ሆኖ ይደወላል፣ ማታም ይደወላል። የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ አዲስ ያመኑትን የሚከታተለው የቸርቹ ክትትል ክፍል። «ወንድም፣ ትምህርቱን መቼ ትጀምራለህ?» ይሉታል። «እኔ ጓደኛህ ነኝ ወይስ ኮታ?» አለኝ። ማርቆስም እዚያው ቆመ።

አስተባባሪውን ሳናግረው «ዋናው ዘሩ መዘራቱ ነው» ብሎ ሸኘኝ። እስከ አሁን ያበሽቀኛል። ጳውሎስ አቴና ላይ ሲሰብክ አንዳንዱ አፌዘ፣ አንዳንዱ ሌላ ጊዜ እንሰማሃለን አለ፣ ጥቂቶች አመኑ። ሐዋርያት ሥራ 17 ላይ አለላችሁ። ሌላ ጊዜ ያሉትን ክንዳቸውን ይዞ አልጎተተም።

ስለዚህ ምክሬ ከሥልጠናው ጋር ይጋጫል። ጓደኛችሁን ኮንፈረንስ አትውሰዱ። ቤታችሁ ጥሩት፣ ቡና ጠጡ፣ ከቤተሰባችሁ ጋር ይጫወት። ቸርች ልየው ካለ በተራ እሁድ ይምጣ፤ ከኋላ በር አጠገብ ተቀመጡ። ከመግባታችሁ በፊት ምን እንደሚባል ንገሩት። «ቁሙ ቢባልም አትቁም» በሉት። ስልኩን ለማንም አትስጡ፤ ለፓስተሩም ቢሆን።

ከብዙ ወራት በኋላ ንባቡን ራሱ አነሳው። ምዕራፍ 9 ላይ ልጁ የታመመበት አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ሲል ቆም አለና «ይሄ ሰውዬ ካርዱ ላይ ምን ተብሎ ይሞላ ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ማንበባችንን ቀጠልን።

ስሙ ግን ዛሬም ከዝርዝሩ አልወጣም። ሰርዙልኝ ስል «ሪፖርቱ እኮ ተልኳል» ነው የሚሉኝ።